ኤፍ 5 እና ሚግ በኦጋዴን ሰማይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሁድ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ከለገሃር ተነስተን በቸርችል ጎዳና ሽቅብ በእግራችን እንወጣለን። ብሔራዊ ቴአትርን አልፈን፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ካለው የትግላችን ሐውልት ስንደርስ ቆም እንላለን። መጀመሪያ አምስት ሆነን ነበር የጀመርነው። አሁን የማላውቃቸው ወጣቶችም ይቀላቀሉናል። ሐውልቱ ስለ ኦጋዴን ጦርነት መሆኑን ስነግራቸው ጥያቄው ይዘንባል። አብዛኛው ስለ ፓይለቶቹ ነው።

እኔ ወታደር አልነበርኩም። አጎቴ ግን በዚያ ጦርነት ድሬዳዋ ላይ የአየር ኃይል የምድር ቴክኒሽያን ነበሩ። ልጅ ሆኜ ጀምሮ ስሰማቸው ኖሬያለሁ፤ ያገኘሁትንም ሳነብ ቆይቻለሁ። በየእሁዱ የምመልሳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ቀኖቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ይሄ የትኛው ጦርነት ነው? ስንት ጊዜ ቆየ?

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ከዚያ በፊትም በአካባቢው የሚንቀሳቀሱ ሸማቂዎች ነበሩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመልሳ ተያዘች። ያ ቀን ዛሬም የካራማራ ድል እየተባለ ይታሰባል። ከአራት ቀን በኋላ ሶማሊያ ጦሯን እንደምታስወጣ አስታወቀች።

ስምንት ወር ገደማ መሆኑ ነው። የአየሩ ፍልሚያ ዋናው ክፍል ግን ያለቀው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ምድር ላይ ሶማሊያ እየገፋች በነበረበት ሰዓት ሰማዩን ግን እያጣች ነበር። ይህን ነገር ያዙት፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ሶማሊያ ብዙ አውሮፕላን ነበራት ይባላል። ታዲያ የኛ ፓይለቶች እንዴት አሸነፉ?

ይሄ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነው። ረጅም መልስ ይፈልጋል።

ሶማሊያ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ የውጊያ አውሮፕላኖች ነበሯት፤ አብዛኞቹ ሚግ 17 እና ሚግ 21 ናቸው። የኢትዮጵያ ዋናው መመኪያ ስምንት ኤፍ 5 ኢ ነበር። ስምንት! ከአሜሪካ የታዘዘው ከዚያ በላይ ነበር። ደርግና ዋሽንግተን ሲቃቃሩ ቀሪው ሳይመጣ ቀረ። ከነሱ ሌላ የቆዩ ኤፍ 5 ኤ ነበሩ። በኮሪያ ጦርነት ዘመን ስማቸው የገነነው ኤፍ 86 ሴበሮችም ነበሩ። ከእንግሊዝ የተገዙ አራት ካንቤራ ቦምብ ጣዮችም ነበሩ።

ሚግ 21 በፍጥነት ይበልጣል። የድምፅን ፍጥነት ሁለት እጥፍ ይበራል። ኤፍ 5 ኢ አንድ ነጥብ ስድስት እጥፍ አካባቢ ነው። ወረቀት ላይ ሚጉ ያሸንፋል። ግን ሁለት ተዋጊ ጄቶች ተጠጋግተው መዞር ሲጀምሩ ማንም በዚያ ፍጥነት አይበርም። ያኔ የሚፈለገው ቶሎ መታጠፍና ጠላትን ቀድሞ ማየት ነው። ኤፍ 5 ትንሽዬ አውሮፕላን ናት፤ ከሩቅ በዓይን ለመለየት ታስቸግራለች። ጥሩ ትታጠፋለች። በክንፎቿ ጫፍና ጫፍ ሳይድዋይንደር ሚሳይል፣ አፍንጫዋ ላይ ደግሞ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ አላት። አሜሪካኖች የራሳቸውን ፓይለቶች ከሚግ 21 ጋር መዋጋት ሲያለማምዱ ጠላት አድርገው የሚያሰልፉት ኤፍ 5 ኢን ነበር፤ መጠኗና ጠባይዋ ስለሚቀራረብ።

አውሮፕላን ብቻውን ግን ምንም አይደለም። የኛ ፓይለቶች ብዙዎቹ አሜሪካ ሄደው የሰለጠኑ ናቸው። ትምህርቱ ፓይለቱ አየር ላይ ራሱ አይቶ ራሱ እንዲወስን የሚያደርግ ነበር። የሶማሊያ ፓይለቶች የሰለጠኑበት የሶቪየት ዘዴ ደግሞ ምድር ላይ ባለ ተቆጣጣሪ መመራትን ያዘወትራል። ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ወደዚህ ዙር፣ ወደዚያ ውጣ ይላል። ይሄ ዘዴ በራሱ መጥፎ አይደለም። ነገሩ ሲደበላለቅ ግን ከሬዲዮ የሚመጣው ትእዛዝ ይዘገያል። ሶማሌዎቹ ፓይለቶች ፈሪዎች ነበሩ ብሎ የሚያወራ ሰው ካገኛችሁ አትመኑት። ጎበዞች ነበሩ። የገጠማቸው ሰው በሌላ መንገድ የተማረ ሆነባቸው እንጂ።

አጎቴ ይህን ያስረዱኝ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። ከየጠረጴዛው አራት ባዶ የማኪያቶ ብርጭቆ ሰበሰቡ። ሁለቱን ከፊት፣ ሁለቱን ወደ ኋላ ሸርተት አድርገው ደረደሯቸው፤ የእጅ ጣት ጫፎች ሲዘረጉ እንደሚሆኑት። «ይሄ መሪው ነው» አሉና አንዱን ነካ አደረጉ። «ይሄ ተከታዩ። የተከታዩ ሥራ ጠላት መጣል አይደለም። የመሪውን ጀርባ መጠበቅ ነው።» ከዚያ የስኳሩን ዕቃ አነሱና ሚግ አደረጉት። ስኳሩ መሪውን ሊያሳድድ ሲገባ፣ ዳር ያሉት ሁለት ብርጭቆዎች ተጣጥፈው ከኋላው ተገኙ። አስተናጋጇ መጥታ ብርጭቆዎቹን ልታነሳ ስትል በእጃቸው አስቆሟት። «ቆይ ልጄ፣ አሁን ነው የሚመታው» አሏት። እሷም ቆማ አየች።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በኦጋዴንና በሐረርጌ ሰማይ የሆነው በመሠረቱ ይሄው ነው። ሚጎቹ ተራ በተራ ወደቁ። ከዚያ በኋላ የሶማሊያ አየር ኃይል ቀን በቀን እንደልቡ መብረር አቃተው።

ራዳሩስ? ያለ ራዳር ይቻል ነበር?

በጣም ይከብድ ነበር። ከጅጅጋ በስተምዕራብ ያለው የካራማራ ከፍታ ላይ የራዳር ጣቢያ ነበር። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ያለውን ሜዳ ያያል። ጠላት ሲነሳ ቀድሞ ይነግራል። ለተዋጊ ፓይለት አምስት ደቂቃ ብዙ ነገር ነው። ሮጦ ኮክፒት ውስጥ ይገባል፣ ሞተር ያስነሳል፣ ከፍታ ይይዛል። ከፍታ የያዘ ሰው ውጊያውን ራሱ መርጦ ይጀምራል። ያ አምስት ደቂቃ ከሌለ ደግሞ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ መሬት ላይ ይመታል።

ካራማራና ጅጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ በሶማሊያ እጅ ወደቁ። ራዳሩም ጠፋ። ትልቅ ጉዳት ነበር። ግን ዋናው የአየር ፍልሚያ ከዚያ በፊት አልቋል። ጦርነቱ በመስከረም ቢጀመርና ራዳሩ በመጀመሪያው ቀን ቢጠፋ ኖሮ፣ ዛሬ የምናወራው ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

«የአየር የበላይነት» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

የጠላት አውሮፕላን ጨርሶ አይነሳም ማለት አይደለም። አንተ ስትፈልግ ትበራለህ፣ እሱ ግን ሲበር እየፈራ ነው፤ ያ ነው የበላይነት ማለት። የበላይነቱን ካገኘህ በኋላ ግን ምን ልታደርግበት ነው? ሰማይ ላይ ስለዞርክ መሬት አይመለስልህም።

ታዲያ ምን አደረጉበት? ምን ነበር የሚደበድቡት?

እዚህ ጋ ነው የቦምብ ስልቱ የሚመጣው። አውሮፕላን ምድር ላይ ሦስት ዓይነት ሥራ መሥራት ይችላል። አንደኛው ግንባር ላይ ለተፋጠጠው እግረኛ መድረስ ነው። ሁለተኛው ከግንባሩ ጀርባ ስንቅና ትጥቅ የሚመጣበትን መንገድ መቁረጥ ነው። ሦስተኛው ወደ ጠላት አገር ዘልቆ ከተማና ፋብሪካ መምታት ነው። የመጀመሪያው በዓይን ይታያል፣ ሠራዊቱም ይወደዋል፤ እግረኛ በጭንቅ ሰዓት አናቱ ላይ የወገን ጄት ሲያይ የሚሰማውን ያየ ያውቀዋል። ከሦስቱ በኦጋዴን ትልቁን ልዩነት ያመጣው ግን ሁለተኛው ይመስለኛል።

ካርታ አውጡና እዩ። የሶማሊያ ጦር ከሐርጌሳና ከሌሎች ከተሞቹ ተነስቶ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ገብቷል። አንድ የታንክ ሻለቃ ነዳጅ፣ ውኃ፣ ጥይትና ምግብ በየቀኑ ይፈልጋል። ያ ሁሉ የሚመጣው በጭነት መኪና ነው። አገሩ ደግሞ ሜዳ ነው። ጫካ የለም፣ ጥላ የለም። መኪና በቀን ከተንቀሳቀሰ አቧራው ከሩቅ ይታያል። ወደ ፊት በገፋ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚመታው ነገር ይበዛል።

አጎቴ ቦምብ ሲጭኑ ፓይለቶቹ እርስ በርስ የሚባባሉትን ይሰሙ ነበር። አንዱ አባባል ከአእምሯቸው አልጠፋም፦ «ታንኩን ተወው፣ ቦቴውን ምታ።» ታንክ ብረት ለብሷል፣ ይደበቃል፣ በአንድ ምት ላይሞት ይችላል። የነዳጅ ቦቴ ግን በመድፍ ጥይት ይነዳል። ቦቴው ከነደደ አሥሩ ታንክ ባለበት ይቀራል። ማንም ሳይነካው ይቆማል።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብዬ ለገሃርን አሳያለሁ። ምክንያቱም እኛም ላይ የተደረገው ያው ነው። የጅቡቲው የባቡር መስመር በዚያው 1969 ዓ.ም. ድልድዮቹ እየፈነዱ ተቆረጠ። ለገሃር ጣቢያ ጸጥ አለ። አገሪቱ ዋናውን የባሕር በር መንገዷን አጣች። የአቅርቦት መስመር ሲቆረጥ ምን እንደሚመስል አዲስ አበባ ራሷ ቀምሳዋለች።

ድሬዳዋ ላይ ምን ሆነ?

ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በታንክና በመድፍ ድሬዳዋን ለመያዝ መጣ። ከተማዋ አፋፍ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው አካባቢ ደርሶ ነበር። ሁሉም ሰው የሚያስበው ስለ ከተማዋ ነው። ለአየር ኃይሉ ግን ዋናው ነገር የአውሮፕላን ማረፊያው ነበር።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ከደብረ ዘይት፣ ማለትም ከዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ በቀጥታ መስመር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኤፍ 5 ትንሽ አውሮፕላን ናት ብለናል፤ ነዳጇም ትንሽ ነው። ከደብረ ዘይት ተነስታ ግንባር ብትደርስ፣ እዚያ የምትቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከድሬዳዋ ከተነሳች ግን ግንባሩ ደጃፏ ላይ ነው። ደብድባ ትመለሳለች፣ ነዳጅ ትሞላለች፣ ቦምብ ትጭናለች፣ እንደገና ትነሳለች። በአንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ። ስለዚህ ድሬዳዋ ስትያዝ ስምንት አውሮፕላን እንደ ሁለት ይሆናል። ሳትያዝ ደግሞ ስምንቱ እንደ ሃያ ይሆናል።

አልተያዘችም። ከምድር የኛ ጦርና ሚሊሺያው ጠበቃት፣ ከላይ ደግሞ አውሮፕላኖቹ። አጎቴ የዚያን ቀን ጄቶቹ ከመንደርደሪያው ተነስተው ብዙ ሳይርቁ ቦምብ ሲጥሉ በዓይናቸው አይተዋል። ጭሱ እየታያቸው ነው ቀጣዩን ቦምብ የጫኑት።

ሞቃዲሾን ሄዶ መደብደብ አይሻልም ነበር? ጦርነቱ ቶሎ አያልቅም?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ወጣት ወንዶች ናቸው። ጥያቄው ይገባኛል። መልሴ ግን አይደለም ነው፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ርቀቱ። ከደብረ ዘይት ሞቃዲሾ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ነው። ኤፍ 5 ቦምብ ተሸክማ ያን ያህል ሄዳ አትመለስም። ካንቤራ ይደርሳል፤ ግን አራት ካንቤራ ብቻ አንድን ትልቅ ከተማ ብዙም አይጎዳትም። ቀጥሎ ፖለቲካው አለ። ኢትዮጵያ የተወረረች አገር ነበረች። ድንበር አልፌ አልሄድም የሚለው ቃሏ በዓለም ፊት ትልቅ ጉልበት ነበረው። ከአየር ግን ድንበር የታለፈበት ጊዜ አለ፤ ሐርጌሳና በርበራ በጦርነቱ ወቅት ተመትተዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ይበልጥብኛል። ከተማ መደብደብ ሕዝብን አያንበረክክም። ጁሊዮ ዱሄ የሚባል ጣሊያናዊ ጀኔራል ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከተማ ከሰማይ ከተደበደበ ሕዝቡ ራሱ መንግሥቱን እጅ ስጥ ይለዋል ብሎ አስተማረ። ብዙ አገር አመነው። ጣሊያን ዘዴውን ከሞከረችባቸው ቦታዎች አንዱ የኛ አገር ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ተደበደበች። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መድፍ ኋላ ሆነው የተነሱት ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ የመርዝ ጋዙ መጣ። ሰው አለቀ፣ ከብት አለቀ፣ ውኃው ተመረዘ። ግን አርበኛው አምስት ዓመት ሙሉ ጫካ ነበር። ለንደን ተደበደበች፣ እጅ አልሰጠችም። የጀርመን ከተሞች አመድ ሆኑ፤ በርሊን እጅ የሰጠችው እግረኛ ጦር ገብቶባት ነው።

ከራሳችን ዘመን ደግሞ 1980 ዓ.ም.ን ላንሳ። በዚያ ዓመት የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን ደበደበ። የገዛ ከተማውን! አውሮፕላኖቹ የሚነሱት ከከተማዋ ከራሷ ማረፊያ ነበር። ተነስተው፣ ዞረው፣ ሰፈሩ ላይ ጥለው እዚያው ያርፋሉ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። አንድ ሶማሊያዊ ፓይለት ወገኔን አልመታም ብሎ ሚጉን ይዞ ጅቡቲ ገባ። ዛሬ ሐርጌሳ መሃል አደባባይ ላይ አንድ ሚግ 17 በሐውልት ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ለአየር ኃይል ክብር አይደለም የተሰቀለው፤ ለሞቱት ነው።

በዚያው ዓመት፣ በሰኔ፣ የኢትዮጵያ ሚጎች ትግራይ ውስጥ ሐውዜንን ደበደቡ። የገበያ ቀን ነበር። ገበያተኛው እህሉን ዘርግቶ፣ አህያውን አስሮ ሳለ ነው ቦምቡ የወረደበት። እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ። እዚህ ገጽ ላይ ስለ ፓይለቶቻችን ጀግንነት እየጻፍኩ ይህን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። አየር ኃይሉ አንድ ነው። በ1969 ድሬዳዋን ያዳነው ኃይል በ1980 የወገን ገበያ ላይ ቦምብ ጥሏል። ልዩነቱ ያለው ምን ምታ ተብሎ እንደታዘዘ ላይ ነው። አጎቴ ስለ ሐውዜን ሲነሳ ብርጭቆ ደርድረው አያሳዩም። ዝም ነው የሚሉት።

ሶቪየቶችና ኩባውያን ባይመጡ ኢትዮጵያ ታሸንፍ ነበር?

በአየር ላይ ያለውን ፍልሚያ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ፓይለቶቻችን ጨርሰውታል። ይህን ማንም ሊወስድባቸው አይገባም። ምድር ላይ ግን እርዳታው ከባድ ሚዛን ነበረው። ይህንንም ማንም ሊክደው አይገባም።

ሶማሊያ በኅዳር 1970 ሶቪየቶችን ከአገሯ አባረረች። ይሄ ለሚጎቿ የሞት ፍርድ ነበር ማለት ይቻላል። መለዋወጫ የሚመጣው ከሞስኮ ነው። ባለሙያውም የሞስኮ ነው። የቀሩት አውሮፕላኖች ቀስ በቀስ መሬት ላይ ቀሩ። በዚያው ወር ደግሞ የሶቪየት ግዙፍ የጭነት አውሮፕላኖች ወደ ኢትዮጵያ ጦር መሣሪያ ማጓጓዝ ጀመሩ። አንቶኖቭ 22 እና ኢሊዩሺን 76 ታንክና መድፍ እያመጡ አራገፉ። ሚጎችም መጡ፤ ብዙዎቹን ያበረሩት ኩባውያን ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የሄሊኮፕተሮቹ ነገር ነው። የሶማሊያ ጦር ካራማራ በር ላይ መሽጎ ነበር። በዚያ በር ፊት ለፊት መግባት እልቂት ነው። ስለዚህ ሚ 6 የሚባሉት ትላልቅ ሄሊኮፕተሮች ወታደርና ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ተሸክመው ተራራውን ከላይ ተሻገሩ። ከጅጅጋ ወደ ኋላ በኩል አወረዷቸው። መሽጎ የሚጠብቅ ሰው ጠላት ከጀርባው ሲመጣ ምን ያድርግ? ይህ የሚቻለው ሰማዩ ያንተ ከሆነ ብቻ ነው። ሚ 6 ግዙፍ ነው፣ ዘገምተኛ ነው፤ የሶማሊያ ሚግ ቢኖር ኖሮ እንደ ዳክዬ ይለቅመው ነበር። በሐምሌ ስምንት ኤፍ 5 የሠሩት ሥራ በየካቲት ፍሬውን የሰጠው እዚህ ላይ ነው።

እውነት አየር ኃይላችንን ያቋቋመው ስዊድናዊ ነው?

ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንደገና ሲቋቋም፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ የመጀመሪያዎቹን ፓይለቶች ደብረ ዘይት ላይ ካሠለጠኑት ውስጥ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ዋናው ናቸው። ቮን ሮዘን ኢትዮጵያን ቀድመው ያውቋታል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረሩ ቁስለኛ ያመላልሱ ነበር። በስተርጅና እንደገና ተመለሱ፤ ለተራበ ሕዝብ እርዳታ ለማድረስ። በሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ ሳሉ ሶማሊያ ባደረገችው ጥቃት ተገደሉ። ያሠለጠኑት ኃይል ትልቁን ፈተናውን ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው።

ስለ ለገሰ ተፈራ ይንገሩን።

ብርጋዴር ጀኔራል ለገሰ ተፈራ በኤፍ 5 የሶማሊያን ሚጎች ከጣሉት ፓይለቶች መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሳ ናቸው። ልብ በሉ፣ እሳቸውን የጣላቸው ሚግ አይደለም። ምድር ላይ ያለ ጠላት ዝቅ ብለው ሲደበድቡ በፀረ አውሮፕላን ተኩስ ተመቱ። በጃንጥላ ወረዱና ተማረኩ።

ከአሥር ዓመት በላይ ሶማሊያ ውስጥ ታሰሩ። ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ሲስማሙና ምርኮኞች ሲለዋወጡ ነው አገራቸው የገቡት። ሲሄዱ ወጣት ነበሩ። ሲመለሱ የነበሩበት አየር ኃይል ኤፍ 5 ትቶ ሚግ ያበርር ነበር፤ ያኔ የጣሏቸውን ዓይነት አውሮፕላን ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ስለ ስልቱም የሚያስተምረው አለው። ተዋጊ ፓይለትን አብዝቶ የሚያሰጋው የሰማዩ ፍልሚያ አይደለም። ዝቅ ብሎ መደብደብ ነው። ቦምብ በትክክል እንዲያርፍ ዝቅ ማለት አለብህ። ዝቅ ስትል ደግሞ ክላሽ የያዘ ሁሉ ይተኩስብሃል።

ቴክኒሽያኖቹስ? ስማቸው ለምን አይነሳም?

ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ አንዲት የጥቁር አንበሳ ተማሪ ናት። ጋውኗን በክንዷ ይዛ እኛን ለመስማት ቆማ ነበር። አመሰገንኳት፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

የአሜሪካ አውሮፕላን ይዘህ ከአሜሪካ ጋር ከተጣላህ መለዋወጫ የለህም። ስለዚህ አንዱን አውሮፕላን ፈትተህ ሌላውን ትጠግናለህ። አጎቴና ጓደኞቻቸው ሌሊት በባትሪ ብርሃን ሞተር ያወርዱ ነበር። ቀን ላይ ድሬዳዋ ትጋላለች። የአውሮፕላኑ ገላ እጅ ስለሚያቃጥል እርጥብ ጨርቅ አንጥፈው ነው የሚደገፉበት። ያ ሁሉ ሆኖ ጎህ ሲቀድ የሚነሳ አውሮፕላን መኖር አለበት።

እያንዳንዱ ጄት ቆሞ ሳለ ጎማው ሥር ታኮ ይደረጋል። ሊነሳ ሲል ታኮው ተስቦ ዳር ይቀመጣል። ሲመለስ መልሶ ሥሩ ይገባል። አጎቴ ታኮ ይዘው ጆሯቸውን ወደ ምሥራቅ ሰጥተው ይጠብቃሉ። ሁለት ወጥተው የአንድ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ቀን ነበር። ማታ የቀረውን ታኮ የሚያነሳ ሰው ይጠፋል። ተረኛው ሄዶ ሊያነሳ ይገባል፤ ግን አያነሳም። ጠዋት አለቃቸው ራሳቸው መጥተው አነሱት።

ሐውልቱን ለማየት፣ ከናንተ ጋር ለመሄድስ ምን ይደረግ?

ትግላችን አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር የተመረቀ ነው። 50 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ አለ። ከጎኑ ያሉት ፎቶዎች የሞቱት ኩባውያን ናቸው። ብዙ ሰው ሳያያቸው ያልፋል። እናንተ ጠጋ ብላችሁ እዩዋቸው፤ አብዛኞቹ የሃያ ምናምን ዓመት ልጆች ናቸው።

ከኛ ጋር ለመሄድ ምዝገባ የለም፣ ክፍያም የለም። እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለገሃር ፊት ለፊት፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ሥር እንገናኛለን። ቸርችል ዳገት ስለሆነ ምቹ ጫማ አድርጉ። አየር ኃይል ያገለገለ አባት፣ እናት ወይም አጎት ካላችሁ ይዛችኋቸው ኑ። መቀመጫ እናመጣለን።